ኦክስፎርድ ላይ ያልተበላው ምሳ

ሎንደን፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናርዲዬ፣ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናትሽ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ እየጀመርኩ ስተወው ነው። በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የእኔ ጆሮ እንደምታውቂው ነው፤ ደግሞ እናንተ ቤት ስልክ ሲነሳ ስፒከር ላይ ነው የሚደረገው፣ አንቺን የጠየቅኩትን እናትሽ ትመልስልኛለች። ስለዚህ በኢሜይልም ቢሆን እንደ ደንቡ እንጻጻፍ።

አዎ፣ የኤልያብን አባት ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ኮሎምበስ ሲመለሱ ሎንደን ጥቂት ቀን ያርፋሉ፣ አደራሽን ብለሽ ከጻፍሽልኝ ጀምሮ ሳስብበት ነበር። በነሐሴ የምታገቢው ልጅ አባት ናቸው፤ ከአባትሽ ወገን መጀመሪያ የሚያዩትም እኔን ነው። ላሳፍርሽ አልፈለግኩም። የት ልውሰድዎት ብላቸው «ኦክስፎርድን ሳላይ ብሞት ይቆጨኛል» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ሄድን። የሚያስቸኩለን ስላልነበረ በየጣቢያው የሚቆመውን መረጥን። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳቸው። ኮሎምበስ ውስጥ ሰው የሚጭን ባቡር የለም የሚሉት እውነት ነው? እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው፤ በጉንም፣ ወንዙንም፣ የሰው ጓሮ ውስጥ የተሰጣ ልብስ ሳይቀር በስልካቸው ይቀርጹ ነበር። ሌሊት ተነስቼ የጋገርኩትን ዳቦ ከሻይ ጋር አቀረብኩላቸው። ሁለት ቁራሽ በልተው «እጅዎት ይባረክ፣ እህት ብርነሽ» አሉኝ።

ከተማዋ ውብ ናት፣ አልዋሽም። ግንቡ ሁሉ የማር ቀለም አለው፤ ሰዉ በብስክሌት ሽው ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከተማው ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው፤ የሚበዛውም በር ለጎብኚ ዝግ ነው። በየበሩ ላይ ሱፋቸውን እያስተካከሉ «እስቲ እዚህ ጋ አንሱኝ» ይሉኛል፣ አነሳቸዋለሁ። አንድ ሙዚየምም ገባን። ምሳ ሰዓት ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍን። በመልሱ ባቡሩ አልተስማማቸውም መሰለኝ ትንሽ አስመለሳቸው፤ ሆኖም በደህና ገብተዋል።

ምን አወራችሁ ላልሽው፣ ብዙ አወራን። ሽማግሌ ሰው መጠየቅ ይወዳል። እኔም ዝም በይ ቢሉኝ የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ይልቅ እሳቸው ኮሎምበስ ሲደርሱ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። እንዳታሳምሪው፣ እንደወረደ።

አክስትሽ ብርነሽ

ኮሎምበስ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርነሽ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ግን ያው ነው። እኔ በሥራ ተይዤ ነው የቆየሁት። አንዷ ሠራተኛ ስለታመመች የእሷንም ሺፍት ደርቤ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አረጋዊ ሳጥብና ሳለብስ ነው የምውለው። እንደወረደ ብለሽኛልና እንደወረደ እነግርሻለሁ።

ጋሽ ግርማቸው በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጡ። ፎቶዎቹን በትልቁ ስክሪን አሳዩ። እሳቸው በር ላይ፣ እሳቸው ድልድይ ላይ፣ እሳቸው ሌላ በር ላይ። «የገጠር ልጅ የነበርኩትን ጌታ ኦክስፎርድ ላይ አቆመኝ» ሲሉ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ፣ እኔም አልኩ። ማን እንደወሰዳቸው ግን አልተናገሩም፤ አንቺም አንዱም ፎቶ ላይ የለሽም። እንግዲህ ፎቶውን የምታነሺው አንቺ ስለነበርሽ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቅዳሜ ኖርዝላንድ እቤታቸው የእንኳን ደህና መጡ ምሳ ነበር። ላዛኛ ሠርቼ በፓይሬክስ ሳህን ይዤ ሄድኩ፤ ኤልያብ የሚወደውን። እናቱ በሩ ላይ ሳህኑን በፎጣ ተቀበለችኝ። ትኩስ መስሏት ነው አልኩ፣ ግን ከቤቴ ወጥቶ ቀዝቅዟል። ገበታው ላይ አልቀረበም። ስጠይቃት «ጋራዥ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ነገ እንበላዋለን» አለችኝ። ልወጣ መኪናዬን ያቆምኩበት ስደርስ ላዛኛዬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነው። እትዬ፣ ከነፓይሬክሱ ነው የጣሉት። ሳህኑን እንኳን ማጠብ አልፈለጉም።

በነጋታው እናቱ ኮል አደረገችልኝ። ነሐሴ አይሆንም፣ ጌታን እንጠይቅ አለችኝ። «ከዘር የሚወርድ ነገር ስላለ መጀመሪያ ነጻ መውጣት አለብሽ፣ ሦስት ሆነን እንጸልይልሻለን» አለች። ከምኑ ነው ነጻ የምወጣው ብላት «አክስትሽን ጠይቂ» ብላ ዘጋችው። ኤልያብ ታይም እንስጣቸው ይላል፣ ምን እንደሆነ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም። እማዬን ስጠይቃት ድስቱን እሳት ላይ ትታ መኝታ ቤት ገባች፣ ወጡም አረረ።

ኦክስፎርድ ላይ ምን ተፈጠረ? እባክሽ አትደብቂኝ። የማገባው እኔ ነኝ።

ናርዲ

ሎንደን፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናርዲዬ፣

ከነፓይሬክሱ? ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ይኸው እስካሁን እህል አልቀመስኩም። በፊተኛው ደብዳቤዬ የደበቅኩሽ ሠርግሽን ላለማበላሸት ብዬ ነው፤ ዝም ካልኩ ያልፋል ብዬ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እሱ እዚያ አሜን እያስባለ የሚጥልልሽ ከሆነ እኔ እዚህ ማንን ነው የምሸፍነው? ከእንግዲህም ሰውዬውን አንቱ አልለውም፣ አልቻልኩም።

አያትሽ፣ የእኔና የአባትሽ እናት፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባታችን ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ነው አገራችን። ገበያ ላይ ድስቱንም እንስራውንም ከእሷ ይገዛሉ፤ ማረሻውን ከእሱ። ቤታችን ገብቶ ግን አንድ ጎረቤት ውሃ አልጠጣም። ልጅ ያዘለች ሴት እናቴን መንገድ ላይ ስታገኛት ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ፣ እህላቸው ሆድ ውስጥ ይጣበቃል ይሉን ነበር። አባትሽ አዲስ አበባ ሲገባ ይህን ሁሉ እዚያው ጥሎት መጣ። እናትሽን ሲያገባትም አባቴ ነጋዴ ነበር አላት። እሷ እውነቱን ያወቀችው አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ነው። እኔ ግን ለማንም ነጋዴ ነበር ብዬ አላውቅም፤ ሎንደን ውስጥ ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገሩ የሞተ መስሎኝ ነበር። ይልቁንም ሁላችን በጌታ አንድ ነን በሚሉ ሰዎች ዘንድ።

ባቡሩ ላይ «ትውልዳችሁ ወዴት ነው፣ እህት ብርነሽ?» ሲል ጨዋታ መሰለኝ፣ ለካ ማጣራቱን ጀምሯል። ሙዚየሙ ውስጥ የሸክላ ድስትና ገንቦ በመስታወት ተደርድሯል፣ ፈረንጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያደነቀ ያልፋል። ደስ አለኝ። «እናቴም እንዲህ ነበር የምትሠራው፤ የእሷማ አንገቱ ይበልጥ ያምር ነበር» አልኩት።

«ለቤት ነው?» አለኝ።

«ለገበያ ነው እንጂ።»

«አባታችሁስ?»

«ብረት ይቀጠቅጥ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አንድ ፎቶ አንሱኝ አላለኝም። ሳስቸግራቸው ዋልኩ፣ ደክሟቸው ነው አልኩ። ወንዙ ዳር ምሳዬን ስፈታ፣ የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ፣ ዶሮ ጥብስ፣ ያው ዳቦ፣ «ጾም ላይ ነኝ» አለኝ። ጠዋት ዳቦዬን የበላው ሰውዬ! «ብቻዎትን ይብሉ» አለና ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ጣቢያው ስንደርስ ሳንድዊች ገዛ። ከምሰሶ ኋላ ዞሮ፣ አፉን በስካርፉ ጋርዶ፣ በየጉርሻው መሃል እያየሁት እንደሆነ አንገቱን እያወጣ ይሰልለኛል። በልጅነቴ ባላገሩ የሚያደርገውን እዚያ ጣቢያ ላይ፣ በሱፍና በክራባት። ያኔ ነው የገባኝ።

ያም ሆኖ ባቡሩ ውስጥ ሽንት ቤት ገብቶ ሲቆይብኝ ሰው ነውና አዘንኩለት። በር ላይ ቆሜ «አይዞዎት ጋሽ ግርማቸው» እላለሁ፣ ሞኟ። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር፣ ባቡሩ ሲነቃነቅ ተከፈተ። ሰውዬው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ የጠዋቱን ዳቦዬን ሊያወጣ ይታገላል። ዓይኑ ደፍርሷል፣ ልጋጉ ክራባቱ ላይ ይንጠባጠባል። አየኝ። «ባቡሩ ነው» አለኝ። ውሃ ዘረጋሁለት፤ የተከፈተ ጠርሙስ መሆኑን አይቶ አልፈልግም አለ።

ቀፈፈኝ ናርዲ። የዚያን አገር ሰዎች ሌላ ነገር አያውቁም ነበርና ይቅር ብያቸዋለሁ። ይሄ ግን ኢንጂነር ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል ብለሽኛል። ከእኔ ጋር ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ፣ ያን ሁሉ ግንብ አይቶ፣ ይዞት የተመለሰው ነገር የእናቴ ሥራ ነው። የዳቦ መጋገሪያዬን እስከ ዛሬ አልነካሁትም፤ ስነካው የእሱ ልጋግ ይታየኛል።

አሁን አወቅሽ። ምን እንደምታደርጊ ግን እኔ አልነግርሽም።

አክስትሽ

ኮሎምበስ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርነሽ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ የእረፍት ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። ጨርሼ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም፤ ከዚያ ደግሞ በመታጠቤ አፈርኩ።

ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሰውዬውን የላክሁብሽ። ለማንበብ የሚያሳቅቅሽን ነገር ደግሞ አሁን ልጽፍልሽ ነው። እማዬ ተናዳብሻለች። «ብርነሽ አንድ ቀን ምላሷን ብትይዝ ምን ነበረበት? ሙዚየም ገብታ ዝም ብላ አይታ አትወጣም?» ስትል ነው የሰነበተችው። አሁን መፍትሔ አገኘሁ ብላለች። አንቺና አባቴ በአባት እንጂ በእናት አንድ አይደላችሁም፣ ሸክላ የምትሠራው ያንቺ እናት ብቻ ናት እንበላቸው ነው የምትለው። ስለ ብረቱ ስጠይቃት «እሱንም አንድ ነገር እንለዋለን» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንቺ ጋ ይደወልልሻል፣ አንቺም አዎ ትያለሽ። ራሷም ልትጽፍልሽ ነው። ቀድማኝ ከጻፈች ይህን እንደ ይቅርታ ቁጠሪልኝ።

የነጻ መውጣቱንም ነገር አስረድተውኛል። ወለል ላይ ተኝቼ፣ ዘይት ተቀብቼ፣ የአያቶቼን መንፈስ በስሙ እየጠራሁ መካድ አለብኝ። እሷው፣ ፓይሬክሴን የጣለችው ሴትዮ፣ እጇን ራሴ ላይ ልትጭን። ስታስረዳኝ እጅ እጇን እያየሁ ነበር፤ ጥፍሯን ተሠርታለች።

ኤልያብንም አናገርኩት። ኒው አልባኒ ድረስ ሄጄ፣ የሚሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ውስጥ ሺፍቱ እስኪያልቅ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ። «ቡዳ? ኮሎምበስ ውስጥ? ናርዲ ፕሊስ!» አለኝ። ስቱፒድ ነገር ነው፣ እኔ አንቺን ነው የማገባው ብሎ አቀፈኝ። ከሰማሁ ጀምሮ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። ቆይቶ ግን «እናትሽ ያለችውን ብንላቸውስ? ለሰላም ነው፤ አክስትሽ እንደሆነች እዚህ አይደለችም» አለ።

አራት ዓመት ነው የምወደው። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ይህን ሠርግ ስትጠብቅ ኖራለች። ምን ልበላቸው?

ናርዲ

ሎንደን፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናርዲዬ፣

የእናትሽ ደብዳቤ ከአንቺ በፊት ደርሷል። ከላይ እስከ ታች ሰላምታ ነው፤ የጉልበቷን፣ የኦሃዮን አየር፣ የእኔን ጤና። ከታች በኩል «ለልጁ ስትይ አንቺ ወደ ጎን በይልን» የምትል አንዲት መስመር አለች። እንዲህ በትሕትና ተጽፎ እንዲህ የሚከረፋ ነገር አንብቤ አላውቅም። ሆኖም እናትሽን አልቀየማትም። ፈርታ ነው። አባትሽም ፈርቶ ነው ነጋዴ ነበር ያለው። ፍርሃታቸው እኔን አደከመኝ።

ቁርጡን ልንገርሽ። አደርገዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ከደወሉ አዎ፣ እናቶቻችን የተለያዩ ናቸው እላለሁ፤ ድምፄም አይንቀጠቀጥም። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣ በእኔ ምክንያት ያለ ባል እንድትቀሪ አልፈልግም። ሠርጉ ላይም አልመጣም፣ ጆሮዬ አመመኝ እላለሁ።

ግን አንቺ ጠይቂኝ። በእናትሽ አፍ አይሁን፣ በልጁም አፍ አይሁን። በራስሽ እጅ «እትዬ፣ አያቴን ካጂልኝ» ብለሽ ጻፊልኝና እክዳታለሁ። ይህን የምልሽ ልቀጣሽ አይደለም። እናቴ ሸክላውን ስትሸጥ መልሱን ከእጇ አይቀበሉም፣ መሬት ላይ አስቀምጪው ይሏት ነበር። እሷ ግን አታስቀምጥም፤ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፣ እስኪሰለቻቸው። የዚያችን ሴት ልጅነት ስክድ ቢያንስ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው ይኑር።

ስለ ኤልያብ ከሆነ፣ እኔ አላውቀውም። ሰው አባቱን መርጦ አይወለድም። ስቱፒድ ነው ማለቱን ወድጄለታለሁ። የኋለኛውን አልወደድኩለትም። ግን እሱም ልጅ ነው፤ እናትና አባት አለው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ብርነሽ

ኮሎምበስ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርነሽ፣

እንዴት ነሽልኝ? ዛሬ እረፍት ነኝ፣ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኤልያብ «ነይ ሞርስ ሮድ ምሳ እንብላ፣ ሰዉ ሁሉ የሚሄድበት ቤት፤ አብረን ስንበላ ይዩን» አለኝ። ልቤ ሞላ። እሱ ነው የሀበሻ ሬስቶራንቱን የመረጠው፣ እሱ ነው መሃል ላይ ያለውን ጠረጴዛ የያዘው። የመዘምራኑ ማራናታና ባሏ አጠገባችን ነበሩ። ጥብስና አይብ በአንድ ትሪ መጣልን። ኤልያብ እጄን ይዞ ጮክ ብሎ ባረከው፣ ሁላችንም አሜን አልን፣ መብላት ጀመርን። ሲስቅ እንዴት እንደሚያምር አይተሽው አታውቂም። ጎረቤቶቻችን እያዩን ነበር፣ ይዩኝ ብዬ ኮራሁ። የፈለጉትን ይበሉ፣ እትዬ ለእኔ ብላ መዋሸት የለባትም፣ ይሄ ሰው ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ጥብሱን በአይብ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ማለት፣ ላጎርሰው ዘረጋሁ። አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መልሶ ዘጋው። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቅርቡ ስለነበርኩ ሰማሁት፣ «በኢየሱስ ደም ሸፍነኝ፣ በኢየሱስ ደም ሸፍነኝ» ይላል። ገበታው እኮ ተባርኳል። ከራሱ እጅ ሲበላ ነበር የቆየው። አራት ዓመት ሙሉ ሳጎርሰው አንድ ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሲጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፍቶ ጠበቀ፣ ልክ መድኃኒት እንደሚሰጠው ሰው።

ጉርሻውን መለስኩና እኔው በላሁት።

ዓይኑን ገልጦ «ምን ሆንሽ? ምን አደረግኩ?» አለኝ።

«ምንም። ጸለይክ» አልኩት።

«ጀስት ኢን ኬዝ ነው እኮ ቤብ። ለጥንቃቄ።»

«ለእኔ ነው ከእኔ?»

ማራናታን አየት አደረገ፣ እንዳትሰማ። ያ ነው ያስጠላኝ፤ ሌላው ቢቀር እኔን እያየ ቢዋሸኝ ይሻል ነበር። ቀለበቱን ሶፍት ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ በዚያ መንገድ በእግር የሚሄድ ሰው የለም፣ መኪና ሁሉ እያየኝ ያልፋል። ያን ከንፈር ስሜዋለሁ። ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር እሱ ይመጣብኛል፣ ደጋግሜ እጉመጠመጣለሁ።

እማዬ አኩርፋኛለች። በየክፍሉ እየዞረች በሩን ትዘጋለች። ለእሷ አዝናለሁ፣ ይሄ የእሷም ሠርግ ነበር። ኤልያብ ቴክስት ያደርጋል፣ ሶሪ ይላል፤ ለምን ሶሪ እንዳለ ግን አንድም ጊዜ አልጻፈም።

ስለዚህ እትዬ፣ ያልሽኝን አልጠይቅሽም። ሽማግሌዎቹ ከደወሉልሽ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። እኔንም ጠርተውኛል፣ ሐሙስ ነው። ሄጄ ራሴ ልነግራቸው ነው። የምለውን ሥራ ላይ ሆኜ ለብቻዬ ስለማመድ «አያቴ» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። እማዬን ጠየቅኳት፣ ሰምቼ አላውቅም አለችኝ። አባቴም አንድ ቀን ጠርቷት አያውቅም።

ስሟ ማን ነበር?

ናርዲ